አክስቴና አራት ሺሁ ዶሮዎች

አክስቴ ዶሮ እርባታው ውስጥ የተቀጠረችው በሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ እንቁላል ለመለየት። ትልቁን ከትንሹ፣ የተሰነጠቀውን ከደህናው እየለየች ካርቶን ላይ ትደረድር ነበር። ያን ጊዜ እርባታው ሦስት መቶ የማይሞሉ ዶሮዎች ያሉት፣ ባለቤቱ ሽማግሌ ራሳቸው በባልዲ መኖ የሚበትኑበት ግቢ ነበር። ዶሮዎቹ ሲጭሩ ይውሉና ሲመሽ ቆጣቸው ላይ ይወጣሉ። አክስቴ የዶሮ ጠባይ የተማረችው ያኔ ነው። "ዶሮ ስትጠግብ ድምጿ ይወፍራል፣ ስትፈራ ይቀጥናል፣ ስትታመም ዝም ትላለች። እናንተ ዝም ያለችውን ፈልጉ" ትለን ነበር። እኛ የእህቷ ልጆች ታዲያ አኩርፈን እንኳ ዝም ማለት አንችልም፤ ወዲያው መጥታ ግንባራችንን ትዳስሳለች።

ሽማግሌው ሲሞቱ እርባታው ለልጃቸው ደረሰ። ልጅየው ክፉ ሰው አልነበረም። የተማረ ነው፣ ሥራ ይወዳል፣ ሠራተኛ አያመናጭቅም። ችኩል ግን ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግቢውን አፍርሶ ሰማንያ ሜትር የሚረዝም አዳራሽ አቆመ። ከዚያ አንድ አማካሪ አመጣ፤ አማካሪውም መስኮቶቹ በሙሉ በብሎኬት ይደፈኑ፣ አየር በማራገቢያ ይግባ፣ ብርሃን በአምፖል ይሁን አለ። ዶሮዎቹ ሦስት ረድፍ ወደ ላይ በተደራረቡ የሽቦ ሳጥኖች ውስጥ ገቡ፤ በየሳጥኑ አምስት አምስት። ቁጥራቸው አራት ሺህ ሆነ። አክስቴም የአዳራሹ ኃላፊ ተባለች፤ ነጭ ጋዋን ተሰጣት፣ ቁልፉን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠለጠለች።

እውነት ለመናገር መጀመሪያ ላይ ኮርታበት ነበር። እንቁላሉ በዘመመው ሽቦ ላይ እየተንከባለለ እጅ ላይ ይመጣል፤ እድፍ አይነካውም። ከተማው ደግሞ በየቀኑ እንቁላል ይፈልጋል። ሰው ነገሩን ሲነቅፍ "ታዲያ ይሄ ሁሉ ሕዝብ ምን ይብላ?" ብላ የምትሟገተው እሷው ነበረች። ጥርጣሬ የገባት በእጆቿ በኩል ነው። እንቁላል መጣል ያቆሙትን ዶሮዎች ከሳጥን ስታወጣ፣ የቱንም ያህል ቀስ ብትል፣ የአንዳንዶቹ ክንፍ እጇ ላይ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ሳይራመዱ፣ ክንፋቸውን አንድ ቀን ሳይዘረጉ ኖረው፣ በአጥንታቸው ውስጥ ያለው ካልሲየም ሁሉ ወደ እንቁላል ቅርፊት ሄዷል። በነዚያ ቀናት ቤት ገብታ እጇን መታጠብ ከጀመረች ቶሎ እንደማትጨርስ እናቴ ትናገራለች።

ጉዳዩን ለልጅየው፣ ለአሁኑ ባለእርሻ፣ ነገረችው። በትህትና ሰማትና "እትዬ፣ ዶሮዋ እንቁላሏን ትጣል እንጂ ሩጫ አትወዳደርም" አላት። ሳቀች። ነገሩን ግን አልተቀበለችውም።

ሰባት ዓመት እንዲህ አለፈ። በሰባተኛው ዓመት የበጋው ሙቀት ከወትሮው ባሰ። መብራት በየቀኑ ይጠፋል፤ በጠፋ ቁጥር ማራገቢያዎቹን የሚያዞረው ጄኔሬተር ነው። ጄኔሬተሩ ናፍጣ እንደ ውሃ ይጠጣል፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ናፍጣ ራሱ ብርቅ ሆኖ ማደያ ደጃፍ ግማሽ ቀን ያሰልፍ ነበር። አንድ ሐሙስ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ትንሽ ሠርቶ ተንተፋተፈና ቀጥ አለ። ባለእርሻው ሁለት ጀሪካን መኪናው ላይ ጭኖ ናፍጣ ፍለጋ ከወጣ ቆይቷል። ስልኩን አያነሳም።

ግቢው ውስጥ ከአክስቴ ሌላ፣ እንቁላል የሚያሽጉ አራት ሴቶችና ጄኔሬተሩን እንዲያይ የተጠራው ኤሌክትሪሺያን ነበሩ። ኤሌክትሪሺያኑን ሰው ሁሉ "ፊውዝ" ነው የሚለው፤ ቶሎ ስለሚቃጠል። ማራገቢያዎቹን የገጠማቸውም እሱ ነው።

አክስቴ ባትሪ አብርታ ገባች። አራት ሺህ ዶሮ ያለበት ቤት ጭጭ ብሏል። ሁሉም አፋቸውን ከፍተዋል፣ ክንፋቸውን ከጎናቸው አላቀው ያለከልካሉ። የሙቀት መለኪያው አርባ አንድ ይላል። በሁለቱም ጫፍ ያሉትን በሮች በረገደቻቸው፤ ግን ለሰማንያ ሜትር ሁለት በር ምን ሊፈይድ? የላይኛው ረድፍ ላይ ያሉት አንድ ሁለት እያሉ መውደቅ ጀመሩ።

ወጥታ ፊውዝን "ትልቁ መዶሻህ መኪናህ ላይ አለ?" አለችው።

"አለ። ለምንሽ ነው?"

"መስኮት ልከፍት።"

"ኧረ ቤቱ መስኮት የለውም።"

"ነበረው" አለች።

ፊውዝ ኋላ እንዳጫወተኝ፣ በዚያች ቅጽበት ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ቀዝቀዝ ብሎ አሰበ። ግድግዳው የሰው ንብረት ነው፣ ባለቤቱ የለም፣ ያፈረሰ ይጠየቃል። ያም ሆኖ መዶሻውን አመጣ፤ ጣሪያው አናታቸው ላይ እንዳይመጣም የትኛው ብሎኬት ኋላ የተደፈነ እንደሆነ በጠመኔ ምልክት አደረገላት። የመጀመሪያውን ምት ግን አክስቴ ናት የመታችው። የሚጠየቅ ካለ እኔ ልጠየቅ ብላ። ከሦስተኛው ምት በኋላ ትከሻዋ እምቢ ሲላት እሱ ተቀበላት።

እሱ ሲያፈርስ እሷና ሴቶቹ ዶሮዎቹን ከላይኛው ረድፍ እያወጡ፣ እያቀፉ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ካሉት ዛፎች ጥላ ሥር አኖሩ። ውሃ ረጩባቸው። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ አሥራ አንድ መስኮት ተከፈተ፤ ከወዲህ ወዲያ ነፋስ ማለፍ ጀመረ። ስድስት መቶ ሃያ ዶሮዎች ሞቱ። የቀሩት ተረፉ።

ከዛፉ ሥር ያሉት መጀመሪያ እንደተቀመጡ ቀሩ። እግራቸው ከሽቦ በቀር ምንም ረግጦ አያውቅም፤ መሬት የሚባለው ነገር ግራ ገብቷቸው ባሉበት ደርቀው ነበር። ኋላ አንዷ፣ ላባዋ ግማሹ የተነጨ ቀይ ዶሮ፣ አንድ እግሯን አንስታ አፈሩን ጫር አደረገች። ደገመች። ከዚያ ጎኗን ጥላ ተኛችና ክንፏን እያርገበገበች አፈሩን ላዩዋ ላይ ትነሰንስ ጀመር። ከማሽን ተፈልፍላ ሳጥን ውስጥ ያደገች ዶሮ ናት፤ እናቷን አላየች፣ አፈር አላየች። ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው ቆመው አዩዋት። ጥቂት ቆይቶ ሌሎቹም ተከተሏት።

ባለእርሻው የደረሰው ይህን ጊዜ ነው። ግድግዳውን አየ፣ የሬሳውን ክምር አየ፣ አንዱን ጀሪካን መሬት ላይ አኑሮ ላዩ ላይ ተቀመጠ። ስንት እንደሞተ ጠየቀ፤ ነገረችው። ማን እንዳፈረሰው ጠየቀ፤ እሱንም ነገረችው። ከዚያ ቀይዋን ዶሮ በአገጩ እያሳየ "ምን ሆና ነው? እያጣጣረች ነው?" አለ።

"አይደለም፤ በአፈር እየታጠበች ነው" አለችው።

በማግስቱ ልቡ መለስ ሲል ተቆጣ። አማካሪው ተጠርቶ መጣና ግድግዳው ይደፈን፣ የሚበልጥ ጄኔሬተር ይገዛ አለ። ባለእርሻው ሊስማማ ሲል አክስቴ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "ልጄ፣ አባትህ ያስተማሩኝ ዶሮ መጠበቅ ነው። ከደፈንከው ሌላ ሰው ፈልግ፤ እኔ ዳግመኛ ያንን ቤት አልቆልፍም።"

ቁልፉ ሦስት ቀን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ዋለ አደረ። በአራተኛው ቀን ባለእርሻው እቤታችን ድረስ ይዞት መጣ። ግማሹን አዳራሽ ያለ ሳጥን ለአንድ ዓመት ትሞክረው፣ ግማሹ እንዳለ ይቆይ አለ።

ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ አልሆነም። ሳጥኖቹ ወጥተው ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ተነጠፈ፣ ቆጥና የእንቁላል መጣያ ሳጥን ተሠራ፣ መስኮቶቹ በወንፊት ሽቦ ተሸፈኑ። ዶሮዎቹ ግን ሳጥኑን ትተው ጥግ ጥግ ላይ ይጥላሉ፤ እንቁላሉ ይቆሽሻል። ይነካከሳሉ። አንድ ሳምንት ሸለምጥማጥ ገብቶ ሃያውን ጨረሰ። ባለእርሻው "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኛ ነን" እያለ በየቀኑ ይወቅሳት ነበር። አክስቴ ጥግ ጥጉን በጣውላ ዘጋች፣ የመጣያ ሳጥኖቹን ጨለም አደረገቻቸው፣ እንዳይሰለቻቸው ጎመን በገመድ አንጠለጠለችላቸው፣ የሸለምጥማጡን ቀዳዳ ራሷ በሲሚንቶ ደፈነች። ስድስት ወር ሳይሞላ ዶሮዎቹ ሥርዓት ያዙ። ያልጠበቀችው ነገርም መጣ፦ ድሮ ውሃ ሆኖ ወደ ቦይ እየወረደ ጎረቤት ያጣላ የነበረው ኩስ፣ አሁን ከሰጋቱራው ጋር ደርቆ የአትክልት ገበሬዎች ተራ እየጠበቁ የሚወስዱት ማዳበሪያ ሆነ። ሲከራከራት የነበረው ጎረቤት ራሱ ለቲማቲሙ ይወስዳል፤ ሰላምታ ግን ገና አልጀመረም።

በዓመቱ ባለእርሻው የሁለተኛውን ግማሽ ሳጥኖችም ያለ ማንም ውትወታ አፈረሰ። ዶሮዎቹ አሁን ሁለት ሺህ አራት መቶ ናቸው፤ ከድሮው ያነሱ፣ ግን ቶሎ የማይሞቱ። ፊውዝ ማራገቢያዎቹን ነቅሎ ጣሪያው ላይ የሶላር ሰሌዳ ሰቀለ፤ የውሃውን ፓምፕና የማለዳውን አምፖል የሚያሠራው ሰሌዳው ነው። በምዕራብ በኩል ጥላ የሚሆኑ ዛፎች ተተክለዋል። ገና ወገብ አልደረሱም።

አክስቴ ዘንድሮ ሃምሳ ስምንት ሞላት። ጉልበቷ ደረጃ አይወድም፤ አፏ ግን አላረጀም። አሁን የያዘችው ሙግት ስለ ምንቃር ነው። ጫጩቶቹ እንዳይነካከሱ ተብሎ የምንቃራቸው ጫፍ ተቆርጦ ነው የሚመጡት፤ እሷ ደግሞ ቦታና ሥራ ካላቸው መቁረጥ አያስፈልግም ትላለች። ባለእርሻው አላመነም። እሷም ባለፈው ወር ምንቃራቸው ያልተነካ ሃምሳ ጫጩቶች አስመጥታ በአዳራሹ አንድ ጥግ ለብቻቸው አደረገቻቸው። ትናንት ሄጄ ሳያት ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ ትመለከታቸው ነበር። ባለእርሻው ከኋላዋ ቆሞ "እስካሁን ስንት ተነካከሱ?" አላት።

"ሁለት" አለች ዘወር ሳትል። "እነሱም ጠባያቸው ነው። ቆይ ጥቂት ጊዜ ስጣቸው።"

እሱም ሌላ ባልዲ ገለበጠና አጠገቧ ተቀመጠ።