ከመንካቷ በፊት ጠየቀች

ይህን ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልኩ ብዙ አመነታሁ። ከእኔ የባሰ ያዩ ሞልተዋል፤ እኔን ማንም አልመታኝም። ግን ያየሁትን መልካም ነገር ብቻዬን ይዤ መቀመጥ ከበደኝ።

በተማሪዎች ስብሰባ ላይ በመናገሬ ተይዤ ላፍቶ አካባቢ ወዳለ ፖሊስ ጣቢያ ተወሰድኩ። የሴቶቹ ክፍል ጠባብ ነው፤ እርጥብ ሲሚንቶና በረኪና ይሸታል። በሩ አጠገብ የነበረች ሴት ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ። የገጠር ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት፤ የታሰረችው ስለ ጓንትና መድኃኒት እጥረት በአደባባይ ተናግራ ነው። ሁላችንም "ሲስተር" እንላታለን።

በማግስቱ ጠዋት ከእኛው ጋር የታሰረች አንዲት የለቡ የቀን ሠራተኛ ምጥ ያዛት። ጠባቂያችን ፖሊስ አምቡላንስ ልትጠራ ሮጠች። ምጡ ግን ፋታ የሚሰጥ አልነበረም።

"በጀርባዋ አስተኟት እንጂ!" አሉ አብረውን የታሰሩ በዕድሜ የገፉ አንዲት ነጋዴ።

ሲስተር እጇን በሳሙና ደጋግማ ታጥባ አጠገቧ ተቀመጠች።

"እህቴ፣ ልንካሽ?"

ነጋዴዋ ተገረሙ። "ኧረ ልጄ! እዚህ ቤት ደግሞ ፈቃድ የሚጠይቅ አለ እንዴ?"

በጭንቁ መሃል ሳቅን። ምጥ የያዛትም ፈገግ ብላ "ንኪኝ" አለች።

"እንዴት ብትሆኚ ይሻልሻል?"

"ልንበርከክ?"

"ተንበርከኪ። እኛም ጤና ጣቢያ በግድ አልጋ ላይ እያስተኛናቸው፣ እየጮህንባቸው፣ ሴቶቹ ሸሽተውን ቤታቸው ይወልዱ ነበር። መጠየቅ ስንጀምር ነው የተመለሱት።"

ነጋዴዋ ነጠላቸውን ዘርግተው መጋረጃ ሆኑ። እኔ ምጥ የያዛትን ሴት እጅ ያዝኩ፤ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ጨመቀችኝ። ሕፃኗ ወጣች፤ ድምፅ የለም። ሲስተር በሹራቤ ጀርባዋን አሸት አሸት ስታደርጋት ሕፃኗ አለቀሰች። ንጹሕ ምላጭ ስላልነበረን፣ እትብቱን ሳትቆርጥ እናቷ ደረት ላይ አስተኛቻት።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ!" አሉ ነጋዴዋ። እልል ስንል ከወንዶቹ ክፍል ጭብጨባ መለሱልን።

አምቡላንሱ ሲደርስ ባለሙያው ምንም ሳይል እጁን ሰደደ። እናትየው ደክማ ነበር፤ ቢሆንም ቀና ብላ አየችው።

"መጀመሪያ ጠይቀኝ።"

እጁን መለሰ። "ይቅርታ እህቴ። ልይሽ?"

"እይ።"

ዛሬ ወደ ትምህርቴ ተመልሻለሁ። ስለዚያ ክፍል ሳስብ ከቂም ይልቅ ምስጋና ይቀድመኛል፤ እናትና ልጅ ደህና ናቸው። እኔ ቀድሜ ወጣሁ። ሲስተር ተፈትታ ወደ ጤና ጣቢያዋ የተመለሰችው ግንቦት ስምንት ቀን ነው።