ጋጥ ውስጥ የከረመ ነሐስ

እልኸኛ ነሽ ሲሉኝ ኖረዋል፤ አልክድም። የጀመረኝ በጣሊያን ጊዜ ነው፣ ኮልፌ ገና ባሕር ዛፍ በባሕር ዛፍ ሳለች።

ባሌን ጣሊያኖች ወስደው አሰሩት፤ የት እንዳለ የሚነግረን ጠፋ። እኔና የባሌ አባት በአንድ ግቢ ቀረን። አማቼ ነሐስ ሠሪ ነበሩ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ስለመጣ ነሐስ የሚቀጠቅጡበትን መስፍና መዶሻውን ሽጠው እኔን ወደ ወላጆቼ ሊመልሱኝ አሰቡ። እኔ ደግሞ ባሌ ሲፈታ ባዶ ቤት እንዳይጠብቀው ቆርጬ ነበር። ሥራውን ልያዘው አልኳቸው፤ ሳቁብኝ። በኋላ ጎረቤታችን ነጋዴ ለመስቀል ስድስት የእጅ ማስታጠቢያ ሲያዝ፣ አማቼ እነሱን ሠርተሽ ካስረከብሽ የሥራ ዕቃው ያንቺ ነው፣ ካልሆነ ግን በመስቀል ማግስት ይሸጣል ብለው ተስማሙ።

ነሐሱ ሜዳ ላይ የተጣለ የመድፍ ቀለሃ ነበር። ነሐስ ሲመታ ይደነድናል፤ ያኔ እሳት አስገብቶ ማለስለስ፣ ከዚያ እንደገና መምታት ነው። የመጨረሻው ምት ግን እሳት አያይም፤ ዕቃው እንዲጠነክር እንደተመታ ይቀራል። አማቼ ከአባታቸው የወረሱት ሕግ ነው፤ እኔም እንደ ጸሎት ያዝኩት። ክረምቱ ሳይጋመስ ስድስቱንም ጨረስኩ።

በዚያው ሳምንት ወታደሮች መሣሪያ ፍለጋ ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። የማስታጠቢያዎቹ ቂጥ ላይ ያለው የቀለሃው ጽሑፍ አልጠፋም ነበር፤ ቢያገኙት የባሌ ዕጣ ለእኛም ይደርሰናል። ስለዚህ የአማቼ በቅሎ የምታድርበት ጋጥ ውስጥ ቆፍሬ ቀበርኳቸው። ሽንቱ ዓይን ያቃጥላል፣ ወታደር አፍንጫውን ይዞ ይመለሳል ብዬ ነው። እውነትም ተመለሱ። በብልጠቴ ኮራሁ።

የመስቀል ዋዜማ ሳወጣቸው አምስቱ ከአፋቸው እስከ ወገባቸው ተሰንጥቀዋል። ማንም አልመታቸውም፣ ማንም አልረገጣቸውም። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። አማቼ አልተቆጡም፤ የሴት እጅ ስለሆነ ነው፣ በቃ ሞክረሻል አሉኝ። ይህ ከቁጣ የባሰ አንገበገበኝ።

ስድስተኛው ለምን ተረፈ? እጀታው አልያዝ ብሎኝ፣ ካለቀ በኋላ መልሼ ፍም ዳር ያቆየሁት እሱን ብቻ ነበር። ከተሰነጠቁት አንዱን ሰብሬ ፀሐይ ላይ አየሁት። ስብራቱ እንደ አሞሌ ጨው ፍሬ ፍሬ ይላል፤ ስንጥቁም ፍሬውን አልቆረጠም፣ በፍሬና በፍሬ መካከል ሾልኮ ነው የሄደው። ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ መምህር የነሐስን ውስጥ በማይክሮስኮፕ አሳየኝ። መዳብና ዚንክ አብረው የረጉበት ድርድር ፍሬ ነው፤ ስንጥቁም ድንበር ድንበሩን ይሄዳል። ይህንንማ ኮልፌ ላይ በባዶ ዓይኔ አይቼዋለሁ ብዬ ብነግረው አላመነኝም።

ምቱ ነሐሱ ውስጥ ታምቆ ቀርቷል፣ የጋጡ ሽንት ደግሞ መውጫ ከፍቶለታል ብዬ ጠረጠርኩ። አማቼን እስከ ሕዳር ጽዮን እንዲታገሡኝ ለመንኳቸው። ከአንድ ቀለሃ ሁለት ትንንሽ ኩባያ አወጣሁና መዶሻውን እጃቸው ላይ አደረግሁ።

«የመጨረሻውን ምት እርስዎ ይምቱልኝ፣ አባባ። የሁለቱንም።»

እየተንቀጠቀጡ መቱ። አንዱን ፍም ዳር አቆይቼ አሞቅኩት፤ ሌላውን እንደተመታ ተውኩት። ሁለቱንም እዚያው ጋጥ ውስጥ ቀበርኩ። እስከ ጽዮን ድረስ በጋጡ ባለፍኩ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር፤ እንደተመታ የተውኩት ካልተሰነጠቀ ወደ ወላጆቼ መመለሴ ነው።

በጽዮን ማግስት አማቼ ራሳቸው ቆፈሩ። እሳት ያየው ኩባያ ደህና ነው። ሌላው ከአፉ ወደ ታች ተሰንጥቋል። አማቼ ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት።

«ይሄ የኔ እጅ ነው» አሉ። ኩባያውን ሳያስቀምጡ ደግሞ፣ «ባልሽን ልጅ ሳለ የሠራው ዕቃ እንዲህ ቢሰነጠቅበት ገርፌዋለሁ። ሰነፍ ብዬ።»

ከዚያ መስፉን እየጎተቱ እኔ ከምቀመጥበት አስጠጉት። ነጋዴው ታግሦን ስለነበር አምስቱን እንደ አዲስ ጀመርኩ፤ ወናፉን እሳቸው ነፉልኝ። የመጨረሻውን እሳት ለማንም አልተውኩም።

እስከዚያ ቀን ድረስ በሩን እያየሁ ባሌን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ግን አማቼ ገና ሲነጋ በርጩማቸውን አውጥተው ደጅ ይቀመጡ ጀመር።