የአባባ አንጀትና የፒያሳው ምስክር

እሁድ ማለዳ አባባን ይዤ ከወልቂጤ ተነሳሁ። አንጀታቸው ላይ እብጠት ተገኝቶ ሐኪም «ቶሎ ይውጣ» ብሏል። አባባ ስንቱን የተጣላ ያስታረቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ሆዳቸው ይቀደዳል ሲባሉ ግን እንደ ሕፃን ሆኑ። አውቶቡስ ውስጥ ሦስት ጊዜ «እንመለስ» አሉኝ፤ እኔም ሦስት ጊዜ እንዳልሰማ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ።

ሰኞ፣ ፒያሳ

እሪ በከንቱ ሰፈር አክስቴ ቤት አድረን ወደ ሆስፒታል በእግር ወጣን። የእግረኛው መንገድ አዲስና ሰፊ ነው፤ ዳገቱ ግን ያው ዳገት ነው። አባባ እንዲያርፉ ኬክ ቤት ገብተን ማኪያቶ አዘዝኩ። አረፋውን በማንኪያ እየበሉ «ይሄ ደግሞ ቡና ነው?» አሉ።

ሆስፒታል ያገኘናት ቀዶ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። «አባባ፣ ሆድዎን ብዙ አልቀድም። አራት ትንንሽ ቀዳዳ እከፍትና ካሜራ አስገባለሁ፤ ቴሌቪዥን እያየሁ ነው የምሠራው» አለቻቸው።

«እብጠቱስ በየት ይወጣል?»

«አንዷን ቀዳዳ ሰፋ አደርጋታለሁ። ከዚያ የቀረውን አንጀት መልሼ እገጥማለሁ።»

«ቴሌቪዥኑ እንዳያዘናጋሽ ብቻ» አሏት። ሳቀች።

ከማክሰኞ እስከ ዓርብ

ማክሰኞ ቀዶ ሕክምናው ተደረገላቸው። ረቡዕ ክንዴን ይዘው ኮሪደሩን ዞሩ፤ እሰይ! አልኩ። ሐሙስ ዶክተሯ መጥታ «አየር ወጥቷል?» አለቻቸው።

«የምን አየር?»

«ከታች ነዋ፤ ፈስ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባባ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «እኔ? በፍጹም!» አሉ።

ዓርብም «የለም» አሉ። ዶክተሯ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። «አየር ካልወጣ የገጠምኩት አንጀት አልነቃም ማለት ነው። እስከ ነገ እንዲህ ከቆየ ሆዳቸውን መክፈት ሊኖርብን ይችላል።» 

ይሄኔ አጠገባቸው የተኙት ጋሽ ሙላት፣ የፒያሳ ልብስ ሰፊ፣ ከትራሳቸው ቀና አሉ። «ዶክተር፣ ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልችልም። እኚህ ሰውዬ ከትናንት ጀምሮ ተኩስ ላይ ናቸው! እኔ ጎረቤቱ ምሽግ አጥቻለሁ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተሯ ግን አልሳቀችም። «እውነት ነው አባባ?»

አባባ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡ። «ምስክሩ አልዋሸም» አሉ በመጨረሻ። «በሴት ልጆች ፊት ምን ብዬ ልናገር?»

ዶክተሯ አጨበጨበች። እኔ እየሳቅሁ አለቀስኩ፤ ጋሽ ሙላትን ግንባራቸውን ሳምኳቸው። ከሰዓት በኋላ አባባ አጥሚት ጠጡ። ዶክተሯም «በጊዜ ስለመጣችሁ እብጠቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል» አለችን።

ቤት

በሳምንቱ ማክሰኞ ቤታችን ስንገባ ጠያቂው ግቢውን ሞልቶታል። አባባ ሸሚዛቸውን ገልጠው ቁስሎቹን አሳዩ፤ «ይሄ ብቻ?» አለ ሰው ሁሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ዳኝነት እንደሚሰጡ ሁሉ፣ «ፈስቼ ደብቄ ሆዴን ላስቀድድ ነበር» ብለው አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በሳቅ ተንፈራፈሩ።

ካሜራ ሆድ ውስጥ ገብቶ ያያል፤ ይሉኝታን ግን ባለቤቱ ካላወጣው የሚያየው የለም። ይህን ጉዞው አስተምሮኛል።

እንግዶችን ስሸኝ የአባባ የልጅነት ጓደኛ በሩ ላይ ክንዴን ያዙኝ። ሁሉም ሲስቅ እሳቸው አልሳቁም ነበር።

«ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔም ሽንት ቤት ስቀመጥ ደም ማየት ከጀመርኩ ቆየሁ። ለሚስቴም አልነገርኩ። ያቺ ዶክተር መቼ መቼ ነው የምትገኘው?»