ልጄ ደሜን አልቀዳም ያለች ዕለት

ማንበብ የተማርኩት ጎብዬ ገበያ፣ በእህል ጆንያ ላይ የታተመውን ፊደል እየለቀምኩ ነው። ስለዚህ ልጄ ሐኪም ሆና፣ አልፋም የስኳር በሽታን የምትመራመር ስትሆን ኩራቴ ልክ አልነበረውም። አልነገርኳትም እንጂ። ልጅ ፊት ለፊት ከተመሰገነ ይሰንፋል ብዬ አምን ነበር።

አምና ጥናቷን ይዛ ቆቦ መጣች። የወፍራም ሰው በሽታ የሚባለው ስኳር የእኛን ቆላ ከሲታ ገበሬ ለምን እንደሚይዝ ማወቅ ፈልጋለች። ለዚህም ከጤነኛውም ከታመመውም ደም ያስፈልጋታል። ሳምንት ሙሉ ጤና ጣቢያ ብትቀመጥ ማንም አልመጣላትም። ሰኞም ሰው ከጠፋ ጥናቱ ወደ ሌላ አገር ሊዛወር ነው።

እሑድ የጽዋ ማኅበራችን ተራው እኔ ቤት ነበር። ጠላው ከተቀዳ በኋላ ቆማ፣ ጤና ጣቢያ መጥተው ለምርመራው የተበጠበጠ ስኳር ጠጥተው ደም እንዲሰጧት ማኅበርተኞቹን ለመነቻቸው።

"ቆይ እስቲ ዶክተር" አለ ጎረቤቴ። "ስኳር በሽታ ላጥና ብለሽ ስኳር በጥብጠሽ ልታጠጪን? እሱስ የሚይዘው ቦርጫሙን ነው። ዋጃ ወርደሽ ነጋዴዎቹን ቅጂ!"

ቤቱ በሣቅ ተሞላ። ልጄ አንገቷን ደፋች።

እኔም ከሲታ ነኝ። ስኳር ከያዘኝ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። መድኃኒቱን አላማጣ ሄጄ አመጣለሁ፤ ከባለቤቴ በቀር የሚያውቅ የለም። ጽዋውን ብመልስ ይነቃብኛል ብዬ በየማኅበሩ እጠጣለሁ። ልጆቼን ውሸት ነውር ነው እያልኩ ያሳደግኩት ሰውዬ እንግዲህ ይህ ነው።

ተነሣሁ። "ስኳር አለብኝ። ሦስት ዓመት ዋሽቻችኋለሁ። በይ ቅጂኝ" አልኩና እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

ልጄ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። "ዛሬ አልቀዳም፣ አባባ። ጠላ ጠጥተዋል፤ ውጤቱን ያበላሽብኛል። ነገ ጠዋት ባዶ ሆድዎን ይምጡ።"

"አባትሽንም ታመላልሻለሽ?" አለ ጎረቤቴ።

"እሳቸውንማ በተለይ።"

ለአባቷ ብላ ሥራዋን አላጣመመችም። በዕድሜዬ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

በማግስቱ በጠዋት ጤና ጣቢያ ስደርስ ጎረቤቴ ከአምስት የማኅበራችን ሰዎች ጋር አግዳሚው ላይ ተደርድሯል።

"ጋሼ፣ ከኋላ ነዎት" አለኝ።

ወረፋዬን ያዝኩ። ተራዬ ደርሶ ክንዴን ስታስር፣ "ጎበዝ ነሽ፣ ልጄ" አልኳት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ቀና አላለችም። "አይናገሩ፤ ክንድዎን ዘና ያድርጉ" አለችና መርፌውን አስገባች።