ውሃዋ ሲፈስ የትኛው አዛን ነበር?

የጨቅላ ሕፃናት ሐኪሟ ዶክተር ፈቲያ ዛሬ ጠዋት ሳቢያን ሰፈር በሚገኘው ቤቷ አረፈች። ቀብሯም ዛሬውኑ ተፈጽሟል።

የነገረችኝ አብራት የምትሠራ ነርስ ናት። ስልኩን ዘጋሁና መልሼ ደወልኩ። ያንኑ ነገረችኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ዜና ሳጣራ ኖሬያለሁ፤ እንደዚህ ስህተት ሆኖ እንዲገኝ የተመኘሁት ዜና ግን የለም።

ከቀትር ጀምሮ ብዙዎቻችሁ «በድንገት አረፈች» ብላችሁ ለጥፋችኋል። እባካችሁ አርሙት። ይህን ቃል አትወደውም ነበር።

ለምን እንደማትወደው ያየሁት የእህቴ ልጅ ነጂማ የወለደች ጊዜ ነው። ሕፃኑ ገና በሁለተኛ ቀኑ ሆስፒታል ገባ። ቆዳው ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀያይ ነጠብጣቦች ወጥተዋል፤ ለምርመራ የተወጋው ተረከዙም መድማቱን አላቆም አለ። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት የሚባለው የደም ክፍል አንሶበት ነበር።

የነጂማ አማት፣ ቀፊራ ገበያ ቅመም የምትሸጠው አዴ ሐሊማ፣ ቀድማ ተናገረች።

«ድንገት ነው ዶክተር፣ ወላሂ። ትናንት ደህና ሲጠባ ነበር።»

«ድንገት አትበይኝ አዴ። ውሃዋ ሲፈስ የትኛው አዛን ነበር?»

ሰዓት ብትጠየቅ «ቅርብ ነው» ብላ ታልፈው ነበር። ምጡ እስኪጠና ቤት ያቆየቻት እሷ ናትና። አዛን ጠርቶ መዋሸት ግን ከበዳት።

«መግሪብ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ» አለች።

«የወለደች ዕለት?»

«ከዚያ በፊት ባለው ቀን።» በጣቷ ቆጥራ፣ «ከዚያም በፊት» አለች።

ዶክተር ፈቲያ አልተቆጣችም። «አቦ፣ ውሃው ያን ያህል ቀድሞ ከፈሰሰማ ኢንፌክሽን ገብቷል፤ ይሄ ልጅ ሳይወለድ ነው የታመመው» አለችና ወዲያው የኢንፌክሽን ሕክምና አስጀመረችለት። ያ ልጅ ዛሬ ከዚራ ሰፈር፣ በዛፎቹ ጥላ ሥር ብስክሌት ይነዳል።

ከዚያ ወዲህ ባገኘኋት ቁጥር የምታወራው ይህንኑ ነበር። የጨቅላ ፕላትሌት ሲወርድ ብዙ ጊዜ ከፊቱ የቀደመ ነገር አለ፤ የእናት ደም ግፊት፣ ቀድሞ የፈሰሰ ውሃ፣ ኢንፌክሽን፣ ያለጊዜው መወለድ፣ ሲወለድ መታፈን። ከእነዚህ አንዱ ያለበት ሕፃን ሆስፒታል በገባበት ቀን ፕላትሌቱ ይቆጠር ብላ ለሆስፒታሉ አስተዳደር ጥያቄ አስገባች።

የምርመራ ኬሚካል ይባክናል አሏት።

«ደም እስኪፈስ መጠበቅ ነው ቁጠባው?» ብላ ጥያቄዋን እንደገና አስገባች። መለሱባት። አሁንም አስገባች።

ልቧን መታመም ከጀመረች ቆይታ ነበር። ሥራ ቀንሺ ስንላት፣ «አትፍሩ፣ እኔ እንኳ በድንገት አልሞትም» እያለች ትስቅብን ነበር። ስለዚህ እኔ አልጽፈውም። አንድ ሕፃን ደምቶ ሲያልፍም «በድንገት» የሚል ዜና ከእጄ አይወጣም። የትኛው አዛን እንደነበር እጠይቃለሁ።

ፈቲያ፣ አፈሩ ይቅለልሽ፤ በሰላም እረፊ። ያስገባሽው ጥያቄ ከአስተዳደሩ ጠረጴዛ ላይ አልተነሳም። ፊርማሽ አለበት፤ ባለቤት የለውም ብሎ የሚዘጋው ሰው እንዳይኖር እኔና ነጂማ ጥያቄው በሚታይበት ስብሰባ በር ላይ እንቀመጣለን። አዴ ሐሊማም ሱቋን ዘግታ እመጣለሁ ብላለች።

ውሳኔው ሐሙስ፣ ከዙሁር፣ ከቀትሩ አዛን በፊት ይጠበቃል።