የዳኜ ፊት የጠፋበት ፊልም

መጀመሪያ ቀን ኦስሎ፣ ኦከርን ሰፈር ካለው የፊልም ዕቃ መጋዘን መብራት ጫን ተባልኩ። ሣጥኖቹ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አልችልም፤ ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ፣ ጎልምሼ ነው። በክብደታቸው ለየኋቸው። ጊዜው በፈረንጅ ዘጠናዎቹ ነው፤ በረዶው ጉልበት ይደርሳል።

የካሜራው አለቃ ሬናቶ የሚባል ሽማግሌ ጣልያን ነበር። ሮም ኬብል እየጎተተ ጀምሮ ስመ ጥር ሆነ፤ ሲያረጅ የሚጠራው ጠፋና ኦስሎ መጣ። እኔን የመረጠኝ አዲስ አበባ ጋራዥ ስለሠራሁ ነው። የጋራዥ ቃላችን ከጣልያንኛ የመጣ ነውና ካቻቢቴ ሲል፣ ፒንሳ ሲል አቀብለዋለሁ። ሌላውን ዳኜ ከእንግሊዝኛ ይተረጉምልኛል።

ዳኜ ዋናው ተዋናይ ነው። ሥራው እንኳ በሲከየም፣ ማለት በአረጋውያን መጦሪያ፣ ሽማግሌዎችን መንከባከብ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ሲዘምር የፊልሙ ሰዎች አይተው ወሰዱት። ሮምሶስ ሰፈር አንድ ፎቅ ላይ ስንቀርጽ ሰነበትን። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ሸሚዙ አለ፣ ፊቱ የለም፤ ጨለማ ውጦታል።

አዘጋጇ ኖርዌጂያን ናት። «ነገም ፊቱ ካልታየ በአንተ ቦታ ሌላ ሰው አመጣለሁ» አለችው ሬናቶን። እሱ ከሄደ እኔም መሄዴ ነው።

ሬናቶ መብራት ጨምር አለኝ። ጨመርኩ። ዳኜን አላበው፤ የሜካፗ ልጅ ሮጣ ዱቄት ነሰነሰችበት።

«ወንድሜ፣ እንደ ቆሎ ልትቆላኝ ነው?» አለኝ ዳኜ።

«እሱን ጠይቀው። እኔ ምን አውቃለሁ።»

ሬናቶ መብራቱ ሥር የሚያብለጨልጨውን ፊቴን አየና ድንገት ወደ እኔ መጥቶ ጉንጬን በጣቱ ጠረገ። ጣቱን አሸተተ። ልመታው ምንም አልቀረኝም።

«ምንድነው የተቀባኸው ይልሃል» አለ ዳኜ እየሳቀ።

«ቫዝሊን ነዋ። ብርዱ ፊቴን ሊሰነጥቀው ነው። ምን አገባህ በለው።»

ምን ብሎ እንደተረጎመ አላውቅም። ሬናቶ ዱቄቱን አስጠረገ፤ ቫዝሊኔን ተቀብሎ ለዳኜ ሰጠው። የደከምኩበትን መብራት ሁሉ አስጠፋኝ። አንዷን ብቻ ወደ ነጩ ግድግዳ አዙር አለኝ። ሰው እዚህ ተቀምጦ ለግድግዳ ይበራል? ሽማግሌው ለየለት አልኩ።

ያ ፊልም ታጥቦ ሲመጣ ዳኜ ምስሉ ላይ ቁጭ ብሏል። ግንባሩ አለ፣ ጉንጩ አለ፣ ዓይኑ አለ። አዘጋጇ «ያ፣ ያ» አለች፤ በነሱ አዎ፣ አዎ ማለት ነው። ሬናቶ ሥራው ላይ ቆየ፣ እኔም ቆየሁ። አላመሰገነኝም፤ ቫዝሊኔንም አልመለሰልኝም።

ዕድሜውን ሙሉ ሲያበራ የኖረ ሰው ይህን እስከዚያ ቀን እንዴት አላየውም? እስካሁን አልገባኝም።

ዛሬ መብራት ለምትሸከሙ የምለው ይኸው ነው። ጥቁር ፊት ከጠፋባችሁ መብራት አትጨምሩ። ዱቄቱን አስጠርጉ፣ ቫዝሊን አስቀቡ፣ መብራቱን ወደ ግድግዳ አዙሩ፤ ከግድግዳው የሚመለሰው ብርሃን ወዛም ፊት ላይ ያርፋል።