ክፉ ወሬ በእግሩ ይምጣ

ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ፣ ልወጣ ስል በዋዜማው ማታ ቤታችን ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር፤ ልዩነቱ ሟቹ ራሱ ጠላ እየጠጣ መቀመጡ ብቻ ነው። ጎረቤቱ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ተቀምጧል። አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ አንዷ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትነካካለች፣ ከዚያ ሁሉም ተመልሰው ስለ ገብሱ ያወራሉ። ዕድሜዬ አርባ ስድስት ነው። በዚህ ዕድሜ ሰው ልጁን ነው የሚሸኘው።

የምሄደው አየርላንድ ነው፤ የኮርፖሬት ፋይናንስ ትሬኒ፣ ማለትም ሠልጣኝ ሆኜ። ባንክ ቤት አርጅቼ፣ በትርፍ ጊዜዬ ከሰው የሚያጣላኝን ጽሑፍ ለጋዜጣ ስጽፍ ኖሬ፣ እንደገና ሠልጣኝ። አባቴ ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ «ድርጅት ሲሸጥ በሻጭና በገዢ መሀል መቆም ነው» አልኳቸው።

«ደላላ» አሉ።

«እንደዚያ አይባልም አባዬ።»

«እንዴት ይባላል?»

ብዙ አሰብኩ። «እንደዚያው ነው» አልኳቸው።

አባቴ የዝተት ሸማኔ ናቸው። ዝተት፣ ለማያውቀው፣ ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ልብስ ነው፤ ይነጠፋል፣ ይለበሳል፣ ውርጭ ይመልሳል። ያን ማታ አንዱን ጠቅልለው ጉልበቴ ላይ አስቀመጡልኝ። «አገሩ ይበርዳል አሉ» አሉኝ። «መንዜን የሚያስፈራ ብርድ ካለ አንተ ታየው ይሆናል።»

ሰው ቀለል ሲል ታላቅ እህቴን አስካለን ወደ ጓዳ ጠራኋት።

«እትዬ፣ ቃል ግቢልኝ። ምንም ነገር ቢመጣ በዕለቱ በስልክ ትነግሪኛለሽ። ጠበል ገብተዋል፣ ትንሽ አተኩሷቸው ነው፣ የሚባል ነገር አልፈልግም።»

በማርያም ብላ ማለችልኝ። አባቴ ግን በግድግዳው ማዶ ሲሰሙ ነበርና፣ «አስካለ፣ የሚሄደው እሱ ነው ወይስ እኔ?» ብለው ተጣሩ። ስንወጣም ቀና ብለው ሳያዩን እንዲህ አሉ፦ «ክፉ ወሬ በእግሩ ይምጣ እንጂ በሽቦ አይምጣ። በእግሩ የመጣ አብሮህ ይቀመጣል። ሽቦ ይቀመጣል?»

እዚህ ላይ ከአባቴ ጋር ለዓመታት አልተስማማንም። የመርዶ ልማዳችንን ታውቁታላችሁ። ሰው ይሞታል፤ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ልጁ ብቻ አያውቅም። መንገድ ላይ የሚያገኘው ሁሉ ፈገግ ብሎ ሰላም ይለዋል። ማታ አይነገረውም፣ ሌሊቱ ይከብደዋል፤ በባዶ ሆዱ አይነገረውም፣ ይወድቃል፤ ብቻውን ሳለ አይነገረውም፣ ራሱን ይጎዳል። ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ፤ እሱም ገና ሲያያቸው ይጮኻል። ይህን ደግነት የለበሰ ውሸት ነው ብዬ ደጋግሜ ጽፌያለሁ። የሰደበኝ እንጂ የደገፈኝ አንባቢ አላስታውስም።

የደብሊን ኢሚግሬሽን ሠራተኛ ፓስፖርቴንና ፊቴን ሲያስተያይ ቆየ።

«ትሬኒ? በዚህ ዕድሜ?»

«በእኛ አገር ለቅኔ ትምህርት ብቻ ግማሽ ዕድሜ ይሄዳል። እኔ እንዲያውም ፈጥኛለሁ።»

«የታቀፍከው ምንድን ነው?»

«ብርድ ልብስ። ከበግ ጠጉር የተሠራ።»

«እዚህም በግ እንዳለ ታውቃለህ?»

«ሰምቻለሁ። ግን አልተዋወቅንም።»

ሳይስቅ ማኅተሙን መታ። ሳይስቁ ማሳለፍ እዚህ አገር ሙያ ነው።

ቤት ፍለጋው ከቪዛው ይብሳል። ለአንዲት ክፍል ሰው ተሰልፎ ይታያል፣ አከራይ ደግሞ እንደ ሙሽራ ቤተሰብ ዘርህን ቆጥሮ ይጠይቅሃል። በመጨረሻ የተቀበለችኝ ኖራ የምትባል ባልቴት ናት። ገና እንደገባሁ ዝተቱን በጣቷ ጫፍ ነካችው።

«ይህ እንስሳ ነው?»

«ነበር።»

«ይሸታል።»

«እርጥበት ሲነካው ነው።»

«እዚህ አገር ሁልጊዜ እርጥበት ነው።»

«እንግዲያው ሁልጊዜ ይሸታል።»

ሂቲንግ የሚባለውን የቤት ማሞቂያ የምታበራው ማታ ማታ ለጥቂት ጊዜ ነው፤ እሱም ለእኔ ሳይሆን ለቧንቧው ብላ ነው። ዝናቡ የእኛን ሐምሌ ይመስላል፣ ብቻ መስከረም የሚባል የለውም። ገብስ አላቸው፣ ግን በሶ አያውቁም፣ ቆሎ አያውቁም፤ ሁሉንም ጠምቀው ይጠጡታል። በዚህ እንኳ አልፈርድባቸውም።

ቢሮ ውስጥ አብረውኝ የሚሠለጥኑት ጢማቸው ገና የሚያቅማማ ልጆች ናቸው። አለቃችን ኬቨንም ከእኔ ብዙ ያንሳል፤ ቢሆንም አስተዋይ ነው። አንድ ቀን ጠራኝ። በምዕራቡ ዳርቻ ሱፍ የሚሸምን ትንሽ ፋብሪካ ያላቸው ሚስተር ፍሊን የሚባሉ ደንበኛ ነበሩን፤ አርጅተዋል፣ ወራሽ የላቸውም፣ ሠራተኞቻቸው እንዳይበተኑ ገዢ ፈልጉልኝ ብለው ነበር። እኛም አግኝተንላቸዋል።

«ገዢው ሐሳቡን ቀየረ» አለኝ ኬቨን። «ሽማግሌው አንተን ይወዱሃል፤ በስልክ ስለ በግ ስታወሩ እሰማለሁ። ሂድና በአካል ንገራቸው። እኔ ነገ ጠዋት እደውልላቸውና ዝርዝሩን እንነጋገራለን።»

በባቡር ሄድኩ። አገሩን በደንብ ያየሁት ያን ቀን ነው። የድንጋዩ ካብ፣ ጉሙ፣ በጉ፣ ሁሉ ከመንዝ የተሰረቀ ይመስላል፤ የጓሳውን ሣር ብቻ መጫን ከብዷቸው የተዉት። የእኛ በግ በጆሮው ምልክት ነው የሚታወቀው፤ የእነሱ ጀርባው ላይ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ የባለቤቱን ማንነት ከሩቅ ይናገራል። ለነገሩ እዚህ በጉም ሳይቀር ግልጽ ነው።

ሚስተር ፍሊን ጣቢያው ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ። ፊቴን አዩና ፈገግ አሉ። ያን ጊዜ ልናገር ነበር፤ ግን በባዶ ሆዳቸው እንዴት ተብሎ። ቤት ወስደው ሾርባና ጥቁር ዳቦ አቀረቡልኝ። እየበላን እንዴት ይነገራል። ከምሳ በኋላ መሸመኛቸውን አሳዩኝ፤ ድሩን ስነካው የአባቴ እጅ ትዝ አለኝና ስለ ዝተት አወራሁላቸው። ከዚያ ውቅያኖሱን ካላየህ አሉኝ። ገደሉ አፋፍ ላይ ስንቆም የጀማ ወንዝ ገደል ላይ የቆምኩ መሰለኝ፤ ልዩነቱ ማዶ ላይ ዓለም ከተማ የምትባለው ከተማ የለችም፣ ውሃ ብቻ ነው። በገደል አፋፍ ላይ ደግሞ መርዶ የሚያረዳ ጤነኛ ሰው የለም።

«እዚህ አካባቢ ዘመድ አለዎት?» አልኳቸው።

«እህት አለችኝ። ብዙም አትርቅም።»

«ነገ በማለዳ ብትመጣ ጥሩ ነበር።»

«ለምን?»

«እንዲያው። ሰው ሲሰበሰብ ደስ ይላል።»

ሳቁ። ማታ ከቤታቸው አሳደሩኝ፤ ስልክ አንስተው ለፋብሪካቸው አለቃ ሲነግሩት ከመኝታ ክፍሌ ሰማሁ፦ «የደብሊኑ ሰው እዚሁ ነው። ደህና ነገር ይዞ ሳይመጣ አይቀርም፣ እህቴን ሳይቀር ጥሯት ይላል። ለሠራተኞቹ ንገራቸው፣ ተጨንቀው ከርመዋል።»

ተነስቼ ልነግራቸው ይገባ ነበር። ግን ሌሊት ነው። ሌሊት አይነገርም።

ጠዋት እህታቸው ከመድረሷ በፊት ኬቨን ደወለ። ሚስተር ፍሊን ሰሙ፣ ስልኩን አስቀመጡ፣ ወንበር ስበው ከፊቴ ተቀመጡ።

«ሾርባውን ስንበላ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ገደሉ ላይስ?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምን ስትጠብቅ ነው?»

«እህትዎን።»

«ለሠራተኞቹ አሁን ምን ልበላቸው?» አሉ። ጣቢያው ድረስ ሸኙኝ። መንገዱን ሙሉ ስለ ዝናቡ ብቻ አወሩልኝ።

ኬቨን አልጮኸብኝም። «ክፉ ዜና የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው ቦታው» አለኝ። «ሁለተኛው ላይ ከደረሰ ውሸት ሆኗል።» ከሥልጠናው ሁሉ ያልረሳሁት ይህችን ነው። በጋዜጣ ስሟገትላት የኖርኩት ሐሳብ አንዴ እጄ ላይ ስትወድቅ፣ እኔ ሆንኩ የመንዝ ሽማግሌ። አባቴን በዚህ አሳቃቸዋለሁ ብዬ እሑድን ጠበቅሁ።

እሑድ እሑድ ስደውል አባቴ ስልኩን ከእህቴ ነጥቀው ነበር የሚያወሩኝ። ይጮኻሉ፤ ባሕር መሻገር ያለበት ድምፅ ነውና። ያን እሑድ ግን አስካለ ብቻዋን አነሳች።

«አባዬስ?»

«ጠበል ገብተዋል» አለች።

«ምን ሆኑ?»

«ምንም። ትንሽ ወገባቸውን ነው።» ከዚያ ስለ ገብሱ ጀመረች። ውርጩ ዘንድሮ እንደማረው፣ ግራጫዋ በግ መንታ እንደወለደች፣ የጎረቤት አጥር እንደፈረሰ። ድምፅዋ የተስተካከለ ነው፣ ከመጠን በላይ የተስተካከለ። ከጀርባዋ የብዙ ሰው ሳልና ኮቴ ይሰማል፣ ግን የሚያወራ የለም።

በሚቀጥለው እሑድም ጠበል ናቸው። ከዚያ ወዲህ ባለውም።

«ወንድምዓለም፣» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ያለህበትን ቤት አድራሻ ስጠኝ እስቲ። የአክስታችን ልጅ እዚያ ደብሊን የሚያውቃቸው ያገር ልጆች አሉ። በሶ ይዘውልህ ይመጣሉ።»

«መቼ?»

«እሑድ፣ በጠዋት።»

«ለበሶ ነው በጠዋት?»

«በጠዋት ነው የሚመቻቸው» አለች። «ሦስት አራት ሆነው ነው የሚመጡት።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ምላሴ ላይ ነበር። በማርያም የማለችልኝ እህቴ ናት፤ «አባዬ በሕይወት አሉ?» ብላት አትዋሸኝም። ሦስት ቃል ነው። ኬቨን ቢሆን ያን ስልክ ሳይዘጋ ይጠይቅ ነበር።

«እትዬ፣ ቤት ልቀይር ነው» አልኳት። «አከራይዋ ሽታውን አልቻለችም። አዲሱን ስገባ አድራሻውን እነግርሻለሁ።»

ስትተነፍስ ሰማኋት፤ ሸክም ለአፍታ ያወረደ ሰው ትንፋሽ ነበር። «እሺ» አለች።

ኖራ አላስወጣችኝም። እንዲያውም ሽታውን ለምዳዋለች፤ አንድ ቀን ብርድ ሲጠናባት ዝተቱን አውሰኝ ብላ ነበር፣ አልሰጠኋትም። እኔም በየሳምንቱ እደውላለሁ። ባለፈው እሑድ ደወልኩ።

«ቤት አገኘህ?»

«ገና ነኝ እትዬ። እዚህ አገር ቤት ከባድ ነው።»

«አይዞህ፣ አትቸኩል።»

«አባዬስ?»

«ጠበል ናቸው።»

«ሰላም በይልኝ።»

«እልልሃለሁ» አለች። ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ ገብሱ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳት።